ከስሎቫክ መንደር ወደ አሜሪካ የተሰደደ ቅድመ አያትን በሰነድ መፈለግ፦ የአሠራር መመሪያ

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ድረስ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ስሎቫኮች በካርፓቲያ ተራሮች ሥር ካሉ መንደሮቻቸው ተነሥተው ወደ አሜሪካ ተሻግረዋል። ብዙዎቹ ያረፉት በፔንሲልቬንያ የድንጋይ ከሰል ማዕድን መንደሮች፣ በፒትስበርግ ዙሪያ እንደ ሆምስቴድና ብራዶክ ባሉ የብረት ፋብሪካ ከተሞች፣ በኦሃዮ ክሊቭላንድና ያንግስታውን፣ በኒው ጀርሲ ፓሴይክ፣ በኮነቲከት ብሪጅፖርት እንዲሁም በኢንዲያና ዋይቲንግ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ካለው ቤተሰብ ጋር በጋብቻ ወይም በትውልድ ለተሳሰሩ አማርኛ አንባቢዎች ሲሆን፣ በተለይም የትዳር ጓደኛቸው ከስሎቫክ ዘር የሚወለድ አሜሪካዊ ሆኖ ለልጆቻቸው የሁለቱንም ወገን የዘር ሐረግ ማስረከብ ለሚፈልጉ ወላጆች ይጠቅማል። እኛ እስከ ሰባት ቤት መቁጠርን ከአያቶቻችን በቃል እንቀበላለን፤ በማዕድን መንደር ያደገ የስደተኛ ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ ከአባቱ ወደ ኋላ የሚቆጥርለት ሰው አላገኘም፤ ስለዚህ ቆጠራው ከወረቀት መጀመር ይኖርበታል።

ሥራው በአንድ ነገር ላይ ይንጠለጠላል፤ ይኸውም ቅድመ አያቱ የተወለደበት መንደር ትክክለኛ ስም ነው። በስሎቫኪያ የሚገኙት መዛግብት የተደራጁት በመንደርና በአጥቢያ በመሆኑ፣ የመንደሩ ስም ሳይታወቅ የባሕር ማዶውን መዝገብ መክፈት ዋጋ የለውም። ያ ስም ደግሞ በአብዛኛው የሚገኘው እዚያው አሜሪካ ውስጥ፣ ሰውየው ራሱ በተወው ወረቀት ላይ፣ እርሱ ላይ ከጠፋም አብረውት በኖሩ፣ በሠሩና በቆረቡ ሰዎች ወረቀት ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ወደዚያ ስም ለመድረስ የተደረደሩ ናቸው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመነሻው መታወቅ ያለበት የአገር ጉዳይ

እስከ 1918 ድረስ ስሎቫኪያ የሚባል መንግሥት አልነበረም። የስሎቫኮች ምድር በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ግዛት ውስጥ የሃንጋሪ መንግሥት ሰሜናዊ ክፍል ነበር። ቼኮስሎቫኪያ የተመሠረተችው በጥቅምት 28 ቀን 1918 ሲሆን፣ የዛሬዋ ስሎቫኪያ ራሷን የቻለች አገር የሆነችው በጥር 1 ቀን 1993 ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በ1900 «በሃንጋሪ የተወለደ»፣ በ1910 «በኦስትሪያ የተወለደ»፣ በ1930 ደግሞ «በቼኮስሎቫኪያ የተወለደ» ተብሎ ቢመዘገብ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብለው አይለያዩዋቸው። በፔንሲልቬንያ አካባቢ ስሎቫኮች «ስላቪሽ» ተብለው ይጠሩ ስለ ነበር ይህም ቃል በሰነድ ላይ ያጋጥማል። ከዚያው ምድር የመጡ ሩሲኖች (የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው የምሥራቅ ስላቭ ሕዝብ)፣ ሃንጋሪያውያን፣ ጀርመኖችና አይሁድም ስለ ነበሩ፣ «ከስሎቫኪያ የመጣ» የሚለው የቤተሰብ ትዝታ ብቻውን የሰውየውን ቋንቋና ሃይማኖት አያረጋግጥም።

አንደኛው እርምጃ፦ በቤት ያለውን መሰብሰብ

ወደ ኮምፒውተር ከመሄድዎ በፊት በሕይወት ያሉትን አዛውንቶች ይጠይቁ። ሲጠይቁም «ከየት መጡ?» በሚለው ብቻ አይወሰኑ፤ አያት በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ እንደ ነበር፣ ገና መቼ ይከበር እንደ ነበር፣ ለወላጆቻቸው ክርስትና ያነሣቸው ማን እንደ ሆነ፣ በቤቱ ውስጥ ደባል ሆነው የኖሩ ሰዎች ስማቸው ማን እንደ ነበር ይጠይቁ። የጸሎት መጻሕፍትን የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጾች፣ የፎቶግራፎችን ጀርባ፣ የድሮ ደብዳቤ ፖስታዎችን፣ የቀብር መታሰቢያ ካርዶችንና የመረዳጃ ማኅበር ደብተሮችን አንድ በአንድ ይመልከቱ። በፎቶግራፍ ላይ የተለጠፈ የፎቶ ቤት ማኅተም የከተማ ስም ካለው እርሱንም ይመዝግቡ፤ መንደሩ ከዚያ ከተማ ብዙ ላይርቅ ይችላል።

የሰሙትን ነገር ሁሉ ከተናገረው ሰው ስምና ከዕለቱ ጋር በአንድ ደብተር ይጻፉ። የቤተሰብ ወሬ ብዙ ጊዜ በዝርዝሩ ቢሳሳትም በፍሬ ነገሩ እውነት ይዞ ይገኛልና አይናቁት፤ ነገር ግን በሰነድ እስኪደገፍ ድረስ እንደ ፍንጭ ብቻ ይያዙት።

ሁለተኛው እርምጃ፦ ስሙ የሚይዛቸውን መልኮች ማውጣት

በእኛ ልማድ ሁለተኛው ስም የአባት ስም በመሆኑ በየትውልዱ ይለወጣል። በስሎቫኮች ዘንድ ግን ሁለተኛው የቤተሰብ ስም ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል። ሰነዶቹ ላይ የሚለወጠው አጻጻፉ ነው። ለምሳሌ የመረጥነውን ያን ኮቫች የሚል ስም እንውሰድ። በላቲን የተጻፈ የአጥቢያ መዝገብ ዮሐንስን «ዮአንስ» ይለዋል፤ የሃንጋሪ ጸሐፊ «ያኖሽ» ብሎ፣ ያውም የቤተሰቡን ስም አስቀድሞ «ኮቫች ያኖሽ» ሲል ይጽፈዋል፤ አሜሪካ ላይ «ጆን» ይሆናል። በተመሳሳይ መንገድ ሽቴፋን በሃንጋሪኛ ኢሽትቫን፣ በአሜሪካ ስቲቭ ይባላል፤ አንድሬይ አንድራሽና አንድሩ ይሆናል፤ አልዥቤታ ኤርዤቤትና ኤልሳቤጥ ትሆናለች።

የድምፆቹን አጻጻፍ ማወቅ ደግሞ በፍለጋ ላይ ከሁሉ የሚጠቅም እውቀት ነው። «ሽ» በስሎቫክኛ ምልክት በተደረገበት ኤስ፣ በሃንጋሪኛ ምልክት በሌለው ኤስ ብቻ፣ በእንግሊዝኛ በኤስና ኤች ይጻፋል። «ስ» በሃንጋሪኛ ኤስና ዜድ ተከታትለው ይጻፋሉ። «ች» በስሎቫክኛ ምልክት ያለው ሲ፣ በሃንጋሪኛ ሲና ኤስ፣ በእንግሊዝኛ ሲና ኤች ነው። «ዥ» በስሎቫክኛ ምልክት ያለው ዜድ፣ በሃንጋሪኛ ዜድና ኤስ ይሆናል። የቅድመ አያቱን ስም በእነዚህ አጻጻፎች ሁሉ በወረቀት ላይ ደርድረው ከፊትዎ ያኑሩት፤ በየመዝገቡ ሲፈልጉም እያንዳንዱን ይሞክሩ። ከ1918 በኋላ በተጻፉ የስሎቫክ ሰነዶች ላይ የሴቶች የቤተሰብ ስም «ኦቫ» የሚል መድረሻ እንደሚጨመርበትም ያስታውሱ።

የቤተሰቡ ስም በኒው ዮርክ ወደብ በነበረው የስደተኞች መቀበያ፣ በኤሊስ ደሴት፣ ሹም ተለወጠ የሚለውን በሰፊው የሚነገር ታሪክ አይቀበሉ። የተሳፋሪዎች ዝርዝር የሚዘጋጀው በመርከብ ድርጅቱ በኩል መርከቡ በሚነሣበት ወደብ ነበር፤ የደሴቱ ሠራተኞች የሚያደርጉት በተጻፈው ዝርዝር መሠረት ሰውየውን መጠየቅ ነው። ስሙ የተለወጠው ብዙውን ጊዜ ቆይቶ፣ በፋብሪካው የደመወዝ መዝገብ፣ በትምህርት ቤት ወይም ዜግነት ሲገኝ፣ በቤተሰቡ በራሱ ፈቃድ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ፦ የሕዝብ ቆጠራን ከቅርብ ወደ ሩቅ ማንበብ

የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል፤ ለሕዝብ ክፍት የሚሆነውም ከ72 ዓመት በኋላ በመሆኑ አሁን የሚታየው የመጨረሻው የ1950 ቆጠራ ነው። ከእርሱ ተነሥተው ወደ 1940፣ 1930፣ 1920፣ 1910 እና 1900 ይውረዱ። የ1890 ቆጠራ በ1921 በደረሰ የእሳት አደጋ ምክንያት ከጥቂቱ በቀር ጠፍቷል። ቆጠራዎቹን በነፃ ለማየት የ«ፋሚሊ ሰርች» ድረ ገጽ በቂ ነው፤ በክፍያ የሚሠራው «አንሰስትሪ»ም በብዙ የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለ ክፍያ ይገኛል።

ከ1900 እስከ 1930 ያሉት ቆጠራዎች ሰውየው አሜሪካ የገባበትን ዓመትና የዜግነቱን ሁኔታ ይጠይቃሉ። «ኤንኤ» የሚለው ምሕጻር ዜግነት ማግኘቱን፣ «ፒኤ» ዜግነት ለመጠየቅ የመጀመሪያውን ወረቀት ማስገባቱን፣ «ኤኤል» ገና የውጭ ዜጋ መሆኑን ያመለክታል። የ1920 ቆጠራ ዜግነት የተገኘበትን ዓመት ስለሚጨምር ቀጣዩን እርምጃ በእጅጉ ያቀልላል። የ1900 ቆጠራ የልደት ወርና ዓመትን ይሰጣል፤ የ1900 እና የ1910 ቆጠራዎች እናቶች ስንት ልጅ እንደ ወለዱና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይጠይቃሉ። ስምንት ወልዳ አራት የቀሩላት እናት በእነዚያ ገጾች ላይ እንግዳ አይደለችም፤ እነዚያን የሞቱ ሕፃናት ከአጥቢያው የቀብር መዝገብ ፈልጎ ስማቸውን በዘር ሐረጉ ላይ መመለስ የዚህ ሥራ አካል ሊሆን ይገባል።

ቆጠራውን ሲያነቡ ከቤተሰቡ መስመር ላይ አይቁሙ፤ በዚያው ጣሪያ ሥር «ቦርደር» ተብለው የተመዘገቡትን ደባሎች በሙሉ ይቅዱ። በማዕድንና በብረት ከተሞች አንዲት ስሎቫክ ሚስት ስድስትም ስምንትም ወንዶች በቤቷ አሳድራ ምግባቸውን ታበስላለች፣ ልብሳቸውን ታጥባለች፣ በተለያየ ፈረቃ የሚገቡትንና የሚወጡትን ሁሉ ታስተናግዳለች፤ ቆጣሪው ግን ሥራዋን በሚጠይቀው ሳጥን «ሥራ የላትም» ብሎ ያልፋታል። የቤተሰቡን ታሪክ ሲጽፉ ይህን እውነት በስፍራው ያስቀምጡት፤ ቤቱ የተገዛውና የመንገድ ገንዘብ ለዘመድ የተላከው ከባል ደመወዝ ብቻ አልነበረም። ለፍለጋው ደግሞ ደባሎቹ እንደ ወርቅ የሚቆጠሩ ናቸው፤ በአብዛኛው ከባል ወይም ከሚስት መንደር የመጡ ወንድሞች፣ የአጎት ልጆችና ጎረቤቶች ነበሩና።

አራተኛው እርምጃ፦ የዜግነት ፋይሉን ማውጣት

ዜግነት የሚገኘው በሁለት ደረጃ ነበር። ስደተኛው በመጀመሪያ ዜጋ የመሆን ሐሳቡን የሚያስታውቅበትን ወረቀት ያስገባል፤ በአገሪቱ ቢያንስ 5 ዓመት ከኖረ በኋላ ደግሞ ምስክሮች አቅርቦ ለፍርድ ቤት ያመለክታል። ከመስከረም 27 ቀን 1906 በፊት ማንኛውም መዝገብ ያለው ፍርድ ቤት በራሱ ቅጽ ስለሚሠራ ወረቀቱ ብዙ ነገር አይነግርም፤ «የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥትና የሃንጋሪ ንጉሥን ታማኝነት ትቻለሁ» ከሚል ቃል ያለፈ ላይኖረው ይችላል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቅጹ በመላ አገሪቱ አንድ ሆነ፤ የልደት ቦታና ቀን፣ የመጨረሻ መኖሪያ፣ የመርከቡ ስም፣ የደረሰበት ቀንና ወደብ፣ የሚስትና የልጆች ስም በሙሉ ይጻፍበታል። ከሰኔ 29 ቀን 1906 በኋላ ለደረሱት ደግሞ መግባታቸው ከመርከብ ዝርዝሩ ጋር ተመሳክሮ የተሰጠ ማረጋገጫ ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል። ከሐምሌ 1929 ጀምሮ ፎቶግራፍም ተጨምሯል።

ማመልከቻውን በሚኖሩበት ካውንቲ ፍርድ ቤት፣ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት የአካባቢ ቅርንጫፍ ወይም ዲጂታል ሆኖ በ«ፋሚሊ ሰርች» ላይ ይፈልጉ። ከ1906 እስከ 1956 ያለውን የፌዴራሉን ቅጂ በክፍያ የሚሰጠው የአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት የዘር ሐረግ ክፍል ነው። ከመስከረም 22 ቀን 1922 በፊት ሚስት የባሏን ዜግነት ወዲያው ስለምትከተል የራሷ ፋይል አይኖራትም፤ ከዚያ በኋላ ግን በራሷ ማመልከት ነበረባት፤ ስለዚህ ባል ዘግይቶ ዜግነት ካገኘ የሚስትን ፋይል ለብቻ ይጠይቁ።

ዜግነት ሳያገኝ የኖረ ሰውም ያለ ሰነድ አይቀርም። በ1940 በወጣ ሕግ ዕድሜው ከ14 ዓመት ጀምሮ ያለ የውጭ ዜጋ ሁሉ እንዲመዘገብ ተደርጓል፤ ያ ቅጽ የልደት ቦታውን፣ የመጣበትን መርከብና ሲገባ የነበረውን ስም ይዟል፤ የሚጠየቀውም ከዚያው የዘር ሐረግ ክፍል ነው። ቅድመ አያትዎ በ1940 በሕይወት ካሉና ቆጠራው የውጭ ዜጋ ካላቸው ይህን ቅጽ ከሌላው ሁሉ አስቀድመው ቢጠይቁ እመክራለሁ።

አምስተኛው እርምጃ፦ የመርከብ ዝርዝር

አብዛኞቹ ስሎቫኮች የተሳፈሩት ከጀርመን ወደቦች ከብሬመንና ከሃምቡርግ ሲሆን፣ ከአንትወርፕ፣ ከሮተርዳም እንዲሁም በአድሪያቲክ ባሕር ካለው ፊዩሜ የተሳፈሩም አሉ። የሃምቡርግ የመነሻ ዝርዝሮች ከ1850 እስከ 1934 ተጠብቀው ይገኛሉ፤ የብሬመኖቹ ግን ከ1920 በፊት ያሉት በአብዛኛው ጠፍተዋል። በአሜሪካ በኩል ኒው ዮርክ ዋናው መግቢያ ነው፤ እስከ 1890 በካስል ጋርደን፣ ከጥር 1 ቀን 1892 ጀምሮ በኤሊስ ደሴት። ሆኖም በባልቲሞርና በፊላደልፊያ የገቡ ብዙዎች ስለሆኑ ኒው ዮርክ ላይ ካላገኙ ተስፋ አይቁረጡ። የኤሊስ ደሴት ሕንፃ በ1897 ቢቃጠልም የዚያ ዘመን የተሳፋሪ ዝርዝሮች ለጉምሩክ ይሰጥ በነበረው ቅጂ አማካይነት ዛሬም ይነበባሉ። ስሙን በድምፅ አመሳስሎ ለመፈለግ ስቲቭ ሞርስ የሠራው የፍለጋ ድረ ገጽ ከመደበኛው የኤሊስ ደሴት ፍለጋ ይልቅ ያግዛል።

ዝርዝሩ የሚሰጠው ነገር እንደ ዓመቱ ይለያያል። ከ1893 ጀምሮ ተሳፋሪው ወደ ማን እንደሚሄድና ቀድሞ አሜሪካ ገብቶ ያውቅ እንደ ሆነ ይጠየቃል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ የብሔር ዓምድ ስለ ተጨመረ «ስሎቫክ» የሚለው ቃል ራሱ ይታያል። ከ1907 ጀምሮ ደግሞ በትውልድ አገሩ የቀረ የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ እንዲሁም የልደት ቦታ ይጻፋል፤ ዝርዝሩም ሁለት ገጽ የያዘ ነው። ብዙ ፈላጊዎች የግራውን ገጽ ብቻ አይተው ይዘጋሉ፤ ሁልጊዜ ቀጣዩን ገጽ ይክፈቱ።

አንድ ጉዞ ማግኘት ፍለጋውን አይጨርስም። ስሎቫክ ወንዶች ጥቂት ዓመት ሠርተው፣ መሬት የሚገዙበትን ገንዘብ ይዘው ተመልሰው፣ እንደገና መምጣታቸው የተለመደ ነበር። በሁለት ልጆች ልደት መካከል የአራትና የአምስት ዓመት ክፍተት ካዩ፣ ወይም አንደኛው ልጅ በፔንሲልቬንያ ተወልዶ ቀጣዩ በሃንጋሪ ከተወለደ፣ ቤተሰቡ ተመልሶ እንደ ነበር አስበው ሁለተኛና ሦስተኛ ጉዞ ይፈልጉ። ከ1907 በፊት የመጣ ሰው በ1910 ተመልሶ ከገባ በመጀመሪያው ዝርዝር ያልነበረው የመንደር ስም በሁለተኛው ላይ ይኖራል።

ስድስተኛው እርምጃ፦ ቤተ ክርስቲያንና የመረዳጃ ማኅበር

በፈላጊዎች ዘንድ ተገቢውን ቦታ ያላገኙት ሰነዶች እነዚህ ናቸው ብዬ አምናለሁ። የመንግሥት ጸሐፊ ለመንደሩ ስም ደንታ አልነበረውም፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ቄስ ግን መንደሩን ያውቃል፣ አጻጻፉንም ያውቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ ቤተሰቡ የሮማ ካቶሊክ፣ የግሪክ ካቶሊክ (በምሥራቁ ሥርዓት የሚያመልክ፣ ከሮም ጋር ግን አንድ የሆነ)፣ የሉተራን፣ የካልቪን ተከታይ ወይም አይሁዳዊ መሆኑን ይለዩ፤ ከዚያ በመኖሪያ ቤቱ አቅራቢያ የነበረውን የስሎቫኮች አጥቢያ ያግኙ። የልጆችን ክርስትና፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ በደብዳቤ ይጠይቁ፤ የክርስትና አባትና እናት ስም እንዲካተትልዎም አጥብቀው ያሳስቡ። ብዙ አጥቢያዎች በመዘጋታቸው መዛግብቱ ወደ ተጠቃለሉበት አጥቢያ ወይም ወደ ሀገረ ስብከቱ ቤተ መዛግብት ተዛውረዋል። በካቶሊክ ሥርዓት ከ1908 ጀምሮ ጋብቻ ሲፈጸም ተጋቢዎቹ ለተጠመቁበት አጥቢያ እንዲታወቅ ስለ ተደነገገ፣ የአሜሪካው የጋብቻ መዝገብ የጥምቀቱን መንደር ሊይዝ፣ የመንደሩም የጥምቀት መዝገብ በዳር ላይ የአሜሪካውን ጋብቻ ሊያስታውስ ይችላል።

በግሪክ ካቶሊክ ቤተሰብ ላይ ሲሠሩ ሁለት የዘመን አቆጣጠር፣ አሮጌው የዩልዮስና አዲሱ የጎርጎርዮስ፣ ይገጥምዎታል፤ ገናን በአውሮፓውያን ጥር 7 ቀን ለምናከብረው ለእኛ ይህ አያስቸግርም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ልዩነት 12 ቀን፣ በ20ኛው ደግሞ 13 ቀን ነው። በአንድ ሰው ልደት ላይ ሁለት ሰነዶች በዚህ መጠን ቢለያዩ ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም ሃይማኖቱን የሚጠቁም ምልክት ነው።

ማኅበራቱን በተመለከተ፣ ስሎቫክ ሠራተኞች በእኛ ዕድር አምሳል ወርሃዊ መዋጮ እየከፈሉ ለሞተ ቤተሰብና ለተጎዳ ሠራተኛ የሚረዳዱባቸውን ማኅበራት አቋቁመዋል። በ1890 ፒተር ሮቭኒያኔክ በፒትስበርግ ብሔራዊ የስሎቫክ ማኅበርን፣ በዚያው ዓመት ቄስ ሽቴፋን ፉርዴክ በክሊቭላንድ «የድኖታ» ተብሎ የሚታወቀውን የመጀመሪያውን የካቶሊክ ስሎቫክ ኅብረት መሠረቱ። በ1892 የካቶሊክ ስሎቫክ ሴቶች ማኅበር በክሊቭላንድ፣ የግሪክ ካቶሊክ ኅብረት በዊልክስ ባሬ ተቋቋሙ፤ ሉተራኖቹም በ1893 የራሳቸውን መሠረቱ። የአባልነት ማመልከቻና የሞት ክፍያ ፋይል የልደት ቦታን፣ ዕድሜንና ተጠቃሚ ወራሾችን ሊይዝ ይችላል፤ ወራሾቹ አንዳንዴ በመንደሩ የቀሩ ወላጆች ናቸው። በመቃብር ሐውልት ላይ የማኅበር ምልክት ወይም የቅርንጫፍ ቁጥር ካዩ ፎቶ ያንሡና ለማኅበሩ ዋና ቢሮ ይጻፉ። በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ያለው የስደተኞች ታሪክ ቤተ መዛግብትና በዳንቪል፣ ፔንሲልቬንያ የሚገኘው ያንኮላ ቤተ መጻሕፍትም የስሎቫክ አሜሪካውያንን ሰነዶችና ጋዜጦች ይይዛሉ።

ሰባተኛው እርምጃ፦ የሥራ፣ የጦር ምዝገባና የሞት ሰነዶች

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የውጭ ዜጎችም ጭምር ለውትድርና ተመዝግበዋል። የሰኔ 1917 እና የሰኔ 1918 ካርዶች የልደት ቦታን ይጠይቃሉ፤ የመስከረም 12 ቀን 1918ቱ ግን አይጠይቅም፣ የቅርብ ዘመድን ስም ይሰጣል እንጂ። በሚያዝያ 1942 በዕድሜ የገፉት፣ ማለትም ከ1877 እስከ 1897 የተወለዱት ወንዶች ሲመዘገቡ የልደት ቦታ እንደገና ተጠይቋል። ከ1936 ጀምሮ የሚሞላው የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት የጡረታ ዋስትና) ቁጥር ማመልከቻ ደግሞ የአባትንና የእናትን ስም፣ የእናትንም ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም የያዘ በመሆኑ ቅጂውን መጠየቅ የሚወጣበትን ገንዘብ ይመልሳል።

ፔንሲልቬንያ የሞት ምዝገባን በመላ ግዛቱ የጀመረችው በ1906 ሲሆን፣ የምስክር ወረቀቶቹ ከ50 ዓመት በኋላ ለሕዝብ ክፍት ይሆናሉ። የሞት ወረቀት መረጃ የሚሰጠው ሟቹ ሳይሆን ሐዘን ላይ ያለ ልጅ ወይም ጎረቤት በመሆኑ የወላጆች ስም ቢሳሳት አያስገርምም። የሞት ምክንያቱ ጣራ መደርመስ ወይም የጋዝ ፍንዳታ ከሆነ በፔንሲልቬንያ ግዛት ቤተ መዛግብት ያሉትንና ከ1899 የሚጀምሩትን የማዕድን አደጋ መዝገቦች ይመልከቱ፤ የሟቹን ዜግነት፣ የሥራ ዓይነትና የተዋቸውን ሚስትና ልጆች ቁጥር ይጠቅሳሉ። በታኅሣሥ 19 ቀን 1907 «ዳር» በተባለው የፔንሲልቬንያ የድንጋይ ከሰል ማዕድን በደረሰው ፍንዳታ 239 ሰዎች ሞተዋል፤ ያ ዕለት በአሮጌው አቆጣጠር የቅዱስ ኒቆላዎስ በዓል ስለ ነበር ለማክበር ከሥራ የቀሩ የግሪክ ካቶሊክ ሠራተኞች እንደ ተረፉ ይነገራል። የእንግሊዝኛ ጋዜጦች የእነዚህን ሰዎች ሞት ብዙ ጊዜ ስማቸውን ሳይጠሩ «አንድ ሃንጋሪያዊ» ብለው አልፈውታል። ስለዚህ በጋዜጣ ፍለጋ ላይ በስም ብቻ ሳይሆን በማዕድኑ ስምና በአደጋው ቀንም ይፈልጉ፤ በስሎቫክኛ የታተሙት የማኅበራት ጋዜጦች ግን አባላቸውን በስሙ ያነሣሉ።

ስምንተኛው እርምጃ፦ መንደሩ ካልተገኘ ጎረቤቶቹን መከተል

ከላይ ያሉት ሁሉ ተሞክረው መንደሩ ካልታወቀ፣ አንድ ወረቀት ያውጡና ከቅድመ አያቱ ጋር በሰነድ የተገናኙትን ሁሉ ይዘርዝሩ፤ በቆጠራው ላይ ደባል የነበሩት፣ በጋብቻው የመሰከሩት፣ ለልጆቹ ክርስትና ያነሡት፣ ለዜግነቱ የቆሙት ምስክሮች፣ በመርከቡ ዝርዝር ከእርሱ በላይና በታች ያሉት፣ በመቃብሩ ጎን የተቀበሩት። ከዚያ ከሁለተኛ እስከ ሰባተኛ ያሉትን እርምጃዎች በእነርሱ ላይ ይድገሙ። ክርስትና ማንሣት እንደ እኛው ሁሉ በእነርሱም ዘንድ የዝምድና ማሠሪያ ስለሆነ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ የክርስትና አባቶችን ያስቀድሙ። ሦስት ወይም አራት ሰዎች ወደ አንድ መንደር ካመለከቱ ቅድመ አያቱም ከዚያው ወይም ከአጎራባቹ የመምጣቱ ዕድል ሰፊ ነው። ይህ አድካሚ መንገድ ነው፤ ቢሆንም ሌላው ሁሉ በተዘጋበት ጊዜ የሚከፈት በር እርሱ ነው።

ዘጠነኛው እርምጃ፦ ስሙን ከካርታው ጋር ማመሳከርና ወደ ስሎቫኪያ መዝገብ መሻገር

የተገኘው ስም አሜሪካዊ ጸሐፊ በጆሮው የያዘው ሊሆን ስለሚችል እንዳለ አይውሰዱት። አንድ ቦታም ሁለትና ሦስት ስም አለው፤ ኮሺትሴ በሃንጋሪኛ ካሻ፣ በጀርመንኛ ካሻው ነው፤ ፕሬሾቭ ኤፐርየሽ ይባል ነበር፤ ብራቲስላቫም እስከ 1919 ድረስ ፖዦኝ ወይም ፕሬስቡርግ ትባል ነበር። ከ1898 ሕግ በኋላ የሃንጋሪ መንግሥት የብዙ መንደሮችን ስም ወደ ሃንጋሪኛ ለውጧል፤ በ1948 ደግሞ የቼኮስሎቫኪያ መንግሥት ሌሎችን ለውጧል። «ሌሆታ» የሚል ስም ያላቸው መንደሮች በርካታ በመሆናቸውም የአውራጃውን ስም፣ ለምሳሌ ስፒሽ፣ ሻሪሽ ወይም ዜምፕሊን፣ ሳያገኙ አንዱን መርጠው አይጓዙ። የ1913 የሃንጋሪ የቦታዎች መዝገብ በኢንተርኔት ስለሚገኝ መንደሩን ከነአውራጃው ያሳያል። ትንሽ መንደር የራሱ ቤተ ክርስቲያን ላይኖረው ስለሚችል፣ የትኛው አጥቢያ ሥር እንደ ነበረ፣ ያውም በየትኛው ሃይማኖት፣ ማጣራት ይገባል።

መንደሩ ከተረጋገጠ በ«ፋሚሊ ሰርች» ላይ ያሉትን የስሎቫኪያ የቤተ ክርስቲያንና የምኩራብ መዛግብት ይክፈቱ። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በሃንጋሪ የጀመረው በጥቅምት 1 ቀን 1895 በመሆኑ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ በአጥቢያ መዝገብ ነው፤ ቋንቋውም እንደ ዘመኑ ላቲን፣ ሃንጋሪኛ ወይም ስሎቫክኛ ይሆናል። ለንባቡ ብዙ ቋንቋ ማወቅ አያሻም፤ የዓምዶቹን ርእስ አንድ ጊዜ ተርጉመው ከያዙ በኋላ ገጾቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። የሃንጋሪ ሰነድ ዓመትን፣ ወርን፣ ቀንን በቅደም ተከተል ሲጽፍ የአሜሪካው ወርን ከቀን በፊት ስለሚያስቀድም ቀኖቹን ሲያመሳክሩ ይጠንቀቁ።

የቅድመ አያቱን ጥምቀት ሲያገኙ በአንድ መዝገብ ብቻ አይርኩ፤ በአንድ መንደር ውስጥ በአንድ ዓመት ሁለት ያን ኮቫች ሊወለዱ ይችላሉ። የወላጆቹን ስም ከሶሻል ሴኩሪቲ ማመልከቻው ጋር፣ የቤት ቁጥሩን ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጥምቀት ጋር ያስተያዩ፤ ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ሕፃን በዚያው መንደር በልጅነቱ ሞቶ እንደ ሆነም የቀብር መዝገቡን ይፈትሹ። ወላጆቹ በ1869 በሕይወት ከነበሩ የዚያ ዓመት የሃንጋሪ ቆጠራ በተረፈባቸው አካባቢዎች የቤቱን ሰዎች ሁሉ፣ የቤቱን ክፍሎችና የከብቶቹን ቁጥር ሳይቀር ያሳያል። በኢንተርኔት ላይ ያልወጣውን ለማግኘት እንደ ፕሬሾቭ፣ ኮሺትሴና ሌቮቻ ላሉት የመንግሥት ቤተ መዛግብት፣ ለቅርብ ዘመን መዝገቦች ደግሞ «ማትሪካ» ለሚባለው የአካባቢው የመዝገብ ቢሮ ይጻፉ። በደብዳቤው ላይ የመንደሩን የዛሬ ስም፣ ሃይማኖቱን፣ የሰውየውን ስም በስሎቫክኛ አጻጻፍ፣ ግምታዊ የልደት ዓመቱንና ከእርስዎ ወይም ከትዳር ጓደኛዎ ጋር ያለውን ዝምድና በአጭሩ ይግለጹ፤ በአንድ ደብዳቤ ከአንድ ቤተሰብ በላይ አይጠይቁ።